አሥራ አንዱ ሕፃናት አልተንቀሳቀሱም

ውድ መምህሬ፣

ሰው ስለ ሞተ ሰው ክፉ ሊናገር ሲል «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ ይጀምራል። እኔ ዛሬ ያድርገኝ ብዬ ነው የጀመርኩት። በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ይህን ሁሉ በርዎን ዘግቼ፣ ፊት ለፊትዎ ቆሜ፣ ምናልባትም ጠረጴዛዎን እየደበደብኩ እነግርዎት ነበር። አመለጡኝ። ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው።

የፊታችን ቅዳሜ በትልቁ አዳራሽ ፎቶዎ ሊሰቀል ነበር። ያ ዕድሜዎን የጨረሱበት መሣሪያ ወደ አርባ ጤና ጣቢያዎች ከመላኩ በፊት በስምዎ ሊሰየም፣ እኔ ደግሞ ስለ እውነተኛነትዎ ንግግር ላደርግ። ንግግሩን ጽፌ ጨርሼ፣ ሳነበው ራሴ አልቅሼበት ነበር። አሁን ቀድጄዋለሁ። ቅዳሜ የሚሰቀል ፎቶ የለም፤ የሚላክ መሣሪያም የለም። ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቢሆንም ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልነሣ።

ወደ ላብራቶሪዎ ስመጣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ባዮሜዲካል ኢንጂነር ነኝ ስላቸው ዘመዶቼ ግማሾቹ ሐኪም፣ ግማሾቹ ጥገና ሠራተኛ ያደርጉኝ ነበር። አክስቴማ የተቃጠለ ካውያዋን በፌስታል ቋጥራ «አንቺ ኢንጂነር አይደለሽ? እስቲ እይልኝ» ብላ ቤት ድረስ መጥታለች። ይህንን ስነግርዎት ሳቁና «ሠራሽላት?» አሉኝ። «አዎ» ስልዎት «እንግዲያው ተቀጥረሻል» አሉ። ዲግሪዬን እንኳ ገና አላዩትም ነበር።

ብርሃን የሚለካው በጨለማ ነውና ላብራቶሪዎ ዙሪያውን በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ ነበር። ሰው በሩን በከፈተ ቁጥር «መጋረጃ! መጋረጃ!» እያሉ ስለሚጮሁ ተማሪው ሁሉ «ጋሼ መጋረጃ» ይልዎት ነበር። እርስዎም ያውቁ ነበር፤ እንዳላወቀ ሰው ማለፍ ይወዱ ነበር። እኔን ደግሞ ሌንስ ስወለውል ስለምቸኩል «ጥድፊያ» አሉኝ። «አንቺ ጥድፊያ፣ ብርሃን ቸኩሎ የሚሄደው ይበቃል፤ አንቺ ተረጋጊ» ይሉኝ ነበር።

አባቴን የቀበርኩ ሰሞን በየጠዋቱ መኪናዎን በሬ ላይ አቁመው ክላክስ ያደርጉ ነበር። አንድ የማጽናኛ ቃል ከአፍዎ አልወጣም። «ግቢ፣ ሥራ አለ» ብቻ። ያን ጊዜ ያቆመኝ እሱ ነው። አባቴ ነዎት ብዬ ነግሬዎት አላውቅም፤ ነበሩ ግን። ቁጣዬ ልክ ያጣው ለዚህ ነው። በባዕድ እንዲህ አይናደዱም።

ሐሳብዎ ቀላል ነበር፤ ቀላል ስለሆነም ነው የወደድኩት። አራስ ሕፃን ብዙ ጊዜ ቢጫ ይሆናል። አብዛኛውን በራሱ ይለቀዋል፤ አንዳንዱ ላይ ግን ቢጫው ከደሙ አልፎ አንጎሉ ውስጥ ይገባና መስማት ወይም መራመድ የማይችል ያደርገዋል። በጊዜ ከታወቀ ሰማያዊ መብራት ሥር ማስተኛት ይበቃል። ለማወቅ ግን ተረከዙን መውጋት፣ ደሙን የሚመረምር ላብራቶሪም ማግኘት ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ በየጤና ጣቢያው የለም። እርስዎ ያለ መርፌ፣ በብርሃን ብቻ ይታወቅ አሉ። ግንባሩ ላይ ጠጋ ብሎ ብልጭ የሚል፣ በእጅ የሚያዝ ነገር። ሰማያዊውን ብርሃን ቢጫው ይበላዋል፤ ምን ያህሉ ተበልቶ ምን ያህሉ እንደተመለሰ ለክቶ መሣሪያው ቁጥር ይናገራል። አብረውኝ የተመረቁት አገቡ፣ ወለዱ፣ ትልልቅ ድርጅት ገብተው ትልልቅ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ የሕፃን ግንባር ስለካ ኖርኩ። አልቆጨኝም ነበር።

በሆስፒታሉ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሁለት መቶ አሥራ አራት ልጆች ለካን። «ለካን» ስል እኔ ነኝ፤ እያንዳንዳቸውን በዚህ በእጄ። እኔ በመሣሪያው ከለካሁ በኋላ ነርሷ ደም ትወስዳለች፤ ከዚያ ሁለቱ ቁጥሮች ይተያያሉ። ሁለት መቶ ሦስቱ ላይ መሣሪያችንና ደሙ እጅና ጓንት ነበሩ። አሥራ አንዱ ላይ ግን ደሙ «አደጋ» ሲል መሣሪያው «ደህና ነው» አለ። ተገላቢጦሽ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ደህናውን ልጅ አደጋ ላይ ነው ቢል አንዴ በከንቱ ይወጋል፣ ያለቅሳል፣ ያልፋል። ይሄኛው ስህተት ግን የታመመ ልጅ ወደ ቤቱ የሚሸኝ ስህተት ነው።

በማግሥቱ የመለኪያ መዝገባችን ላይ የእነዚያ የአሥራ አንዱ መስመሮች በእርስዎ ቀይ እስክሪብቶ ተሰርዘው አገኘኋቸው። ከየአንዳንዱ ጎን «ሕፃኑ ተንቀሳቅሷል» ይላል። አሥራ አንድ ጊዜ፣ ያው ቃል።

«ጋሼ፣ እነዚህ አልተንቀሳቀሱም እኮ።»

«ተንቀሳቅሰዋል።»

«እኔ ነኝ የለካኋቸው። ተኝተው ነበር፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«ሕፃን ተኝቶም ይንቀሳቀሳል።»

«አሥራ አንዱም?»

መነጽርዎን አወለቁ። «አንቺ ወልደሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። ሠላሳን አልፌ፣ እናቴ በየሳምንቱ የምትደውልልኝ ስለዚሁ ጉዳይ ነበር፤ እርስዎም ያንን ያውቁ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ስህተቴን በቁጥር ሲያሳዩኝ እንጂ በሴትነቴ ሲመጡብኝ አይቼ አላውቅም። ያን ዕለት ቁጥሩ ስላልረዳዎት ነው ወደዚያ የዞሩት። አሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ ያን ጊዜ ግን አፈርኩ፤ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ከሳምንታት በኋላ ሪፖርቱ ሲመጣ ከፊርማዎ ሥር ፈረምኩ። እጄን የጠመዘዘኝ ሰው አልነበረም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔው ግን ነቀዘ።

እርስዎ ከሞቱ አሥራ አራት ወር ሆነዎት። መሣሪያው ተፈቅዶ በዚያው ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። ባለፈው ወር ዋና ነርሷ ደወለችልኝ። ያውቋታል፤ እሷ ድምፅ ከቀነሰች ነገር አለ ማለት ነው።

«ነይ እስቲ።»

«ምን ተፈጠረ?»

«በስልክ አይሆንም። ነይ አልኩሽ።»

የዘጠኝ ቀን ልጅ ነበር። በአራተኛ ቀኑ መሣሪያችን ግንባሩን ለክቶ ደህና ነው ብሎ ቤቱ አሰናብቶታል። ሲመለስ ጀርባው ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ ጡት አልይዝ ብሎ፣ ልቅሶው ሲጢጥ የሚል ሆኖ ነበር። ደሙን ቀይረውለት ነፍሱ ተርፋለች። ነርሷ አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ ጆሮው አጠገብ አጨበጨበች። ሌሎቹ ሕፃናት ደነገጡ፤ ከወዲያ ጥግ አንዱ ማልቀስ ጀመረ። እሱ ጣሪያውን እያየ ነበር።

መሣሪያውን ከመደርደሪያ አንሥቼ ሌንሱን አየሁ፣ ባትሪውን አየሁ፣ በነጩ ማመሳከሪያ ሰሌዳ ላይ ደጋግሜ ሞከርኩት። ምንም አልሆነም፤ እንዳወጣነው ነው። መፍታት ልጀምር ስል ነርሷ ተንገሸገሸች።

«ተይው እባክሽ፤ እሱን ብትፈቺ ልጁ አይሽረውም። እናቱ ደግሞ እንዴት ያለች ጠንቃቃ መሰለችሽ! ቢጫ ብሏል ካልኳት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከዚያ መስኮት ሥር አልጠፋችም፤ ፀሐይ ስታሞቀው ነበር።»

መሣሪያውን መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ፀሐይ ውስጥም ሰማያዊ ብርሃን አለ፤ ግንባሩ ቆዳ ላይ ያለውን ቢጫ ታጥበዋለች፣ ደሙ ውስጥ ያለው ቢጫ ግን እንዳለ ይቀራል። መሣሪያችን የሚያየው ደግሞ ቆዳውን ነው። በዚያ ክፍል ልጇ ቢጫ ነው የተባለች እናት ሁሉ ምሥራቁ መስኮት ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ልጇን አቅፋ ትቀመጣለች፤ ነርሶቹ ናቸው የሚያስቀምጧቸው። እኔ በየቀኑ በአጠገባቸው አልፍ ነበር። «እንደምን አደራችሁ» እላቸው ነበር። ጨለማ ክፍል ተዘግተን ብርሃን ስንለካ ፀሐይ የምትባል ነገር መኖሯን ረሳን ማለት ነው ብዬ ራሴን ወቀስኩ። «ረሳን» ነው ያልኩት። እርስዎንም አብሬ ይቅር ብዬ ነበር።

በማግሥቱ ባለቤትዎን፣ እትዬን፣ የድሮ ደብተሮችዎን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። የዚያን ጊዜዎቹ አሥራ አንዱም ፀሐይ ሞቀው እንደሆነ ከማስታወሻዎ ፍንጭ ባገኝ ብዬ ነው። ሳጥኑን ራሳቸው አቧራውን ጠርገው አቀረቡልኝ፤ ስለ እርስዎ የሚጽፍ ሰው የመጣ መስሏቸው ደስ ብሏቸው ነበር።

ፍንጭ ቢሉ ፍንጭ! አረንጓዴው ደብተር ውስጥ አሥራ አንዱ በአልጋ ቁጥራቸው ተርታ ተጽፈዋል። በዚያ ደቃቃ ጽሕፈትዎ ከየአንዳንዳቸው ፊት ለፊት አንድ ቃል አለ፦ መስኮት። መስኮት። መስኮት። እስከ ታች ድረስ። ከሥሩ «ነርሶቹን ጠይቄ አረጋግጫለሁ» ብለዋል። ቀኑም አለ። ሪፖርቱን ከመፈረማችን ከሦስት ሳምንት በፊት ነው።

ስህተቱን አይተዋል። ምክንያቱንም ደርሰውበታል። እኔ ስንት ጊዜ ተመላልሼ ያልታየኝን እርስዎ አንድ ከሰዓት በኋላ ወረድ ብለው አይተውታል፤ ምን ዓይነት ጭንቅላት ነበር የሰጠዎት! ከዚያ ያንን ጭንቅላት «ሕፃኑ ተንቀሳቅሷል» የሚል ተረት ለመጻፍ ተጠቀሙበት። አንድ መስመር ይበቃ ነበር እኮ። «ፀሐይ ወይም ሰማያዊ መብራት የነካውን ሕፃን በዚህ አትለኩ፤ ደም ውሰዱ።» ለዚህ ቀለም ጠፋ? መፍትሔም ቢሆን ሩቅ አልነበረም፤ ግንባሩን ትተን ልብስ የሸፈነውን ቆዳ ብንለካስ? ይሠራ አይሠራ አላውቅም፤ ሞክረን እናየው ነበር። ሞክሮ ማየትን ያስተማረኝ ማነው?

ደብተሩ መሐል ላይ የታጠፈ ወረቀት ነበር፤ ለዚያ ለገደለዎት በሽታ የተያዘ የሐኪም ቀጠሮዎ። የዚያው ሳምንት ነው። ለእትዬም አልነገሯቸውም፤ ለእኔም አልነገሩኝም። አሥራ አንዱን ቢያቀርቡ ጥናቱ ይደገም ይባላል፤ ያ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው። እርስዎ ሁለት ዓመት አልነበረዎትም። ሥራዎን በዓይንዎ አይተው መሄድ ፈለጉ። ገባኝ። አለመግባቱ ይሻለኝ ነበር፤ ቆሽቴን ያሳረረው መግባቱ ነው። «ጥድፊያ» የሚለው ስም ለካ የማን ኖሯል?

ቢነግሩኝስ? «አንቺ፣ ታምሜያለሁ፤ እኔ ባላየው አንቺ ጨርሺው» ቢሉኝስ? ሁለት ዓመት አይደለም፣ አሥር ዓመት እሠራልዎት ነበር። በሰው ፊት «ይቺ ልጄ ናት» ይሉ አልነበር? ልጅ ለምኑ ነው ታዲያ? ከፊርማ ሥር ለመፈረም ነው?

እትዬ ፊቴን አይተው ተጠጉኝ።

«ምን አገኘሽ?»

ነገርኳቸው። ደብተሩን በመዳፋቸው አሻሹት።

«እሱ እኮ አፈር ሆኗል፤ አሁን ስሙን ብታነሺው ማን ይጠቀማል?»

«እትዬ፣ ልጁ አይሰማም።»

«ምሥኪን። አምላክ ይድረስለት። ግን አንድ ወረቀት ለጥፉበትና ይሂድ። የእሱን ሆድ ይፍጀው በይ፣ እኔ አፈር ልሁንልሽ።»

«አንዴ ሆዴን አስፈጅቼዋለሁ። ይኸው የሆነው።»

«ከልጆቼ ለይቼሽ አላውቅም ነበር» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ውለታ ቢስ!»

ደብተሩን ግን ሊነጥቁኝ ሲችሉ አልነጠቁኝም። እስከ በሩ ሸኙኝ፤ ሳይስሙኝ ዘጉት። ሰባ ዓመታቸው ነው መምህሬ። በዚህ ዕድሜያቸው ለዚህ ዓይነት ቀን የዳረጓቸው እኔ አይደለሁም።

ወንበርዎ ላይ አሁን የተቀመጠው የድሮ ረዳትዎ ደግሞ ያው እንደሚያውቁት ነው፤ እሳት ሲነሣ መጀመሪያ ሱሪውን ከአቧራ የሚያራግፍ ሰው።

«ማስጠንቀቂያ እንለጥፍበታለን፤ በቃ» አለኝ።

«አሥራ አንዱስ?»

«ያለፈ ነገር ነው። ስሜታዊ አትሁኚ እንጂ። ደግሞ ፊርማሽ እዚያ ላይ አለ፤ እሳቸው ሞተዋል፣ የምትወድቂው አንቺ ነሽ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የራሴን ስም መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት» ብዬ የደብዳቤዬን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ዋናውን ለቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ አስገብቼው ነው የመጣሁት። አሥራ አንዱን መስመሮች፣ የደብተርዎን ገጽ፣ የልጁን የምርመራ ወረቀት፣ የእኔን ቃል፤ ሁሉንም። እሱ ፊቱ አመድ መሰለ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ ምን ላድርገው?

ሰኞ መልስ መጣ። አርባውም መሣሪያ ካለበት እንዳይንቀሳቀስ፣ በሆስፒታሉ ያለውም እንዲነሣ። ጥናቱ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ የሚጀምረው ግን እኔ አይደለሁም። ምርመራው እስኪያልቅ ከሥራ ታግጃለሁ፤ ካለቀ በኋላም የሚመልሰኝ አለ ብዬ አልጠብቅም። ቁልፌን አስረከብኩ፤ ያ የጨለማ ክፍል ከየትኛውም ቤት በላይ ቤቴ ነበር። ተማሪዎቹ በኮሪደሩ ዳር ዳር ቆመው እያዩኝ ሰላምታ የሰጠኝ አንድ ነው።

ዛሬ ጠዋት ወደ ልጁ እናት ቤት ሄድኩ። መሥሪያ ቤቱ «በደብዳቤ ይገለጽላቸዋል» ብሎ ነበር። በደብዳቤ! አድራሻውን ከነርሷ ለምኜ ወሰድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ኮሪደሩ በሙሉ የተሰጣ ልብስ ነው፤ ልብሱን በእጄ እየገለጥኩ ነው በሩን ያገኘሁት። አንድ ክፍል ናት። መስኮቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ በሚስማር ተመትቷል፤ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል መብራት በርቷል። ልጅ እግር ሴት ናት፤ ልጁን ትከሻዋ ላይ አስተኝታ እያሻሸችው ቆማለች። ከሆስፒታሉ ነኝ ስላት ወንበሩ ላይ ያለውን ጨርቅ ሁሉ ወዲያ አደረገችልኝ።

ገና ሳልቀመጥ «ፀሐይ ስላሞቅኩት ነው አይደል?» አለችኝ። «አማቴ ጠብሰሽ ጠብሰሽ ለዚህ አበቃሽው ትለኛለች። ነርሷ ናት ያለችኝ ብላት አታምነኝም።»

«አይደለም፣ እህቴ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። የዋሸሽ መሣሪያው ነው። ደህና ነው ባይልሽ ኖሮ እዚያው መብራት ሥር ተኝቶ ይድን ነበር።»

«እንዴ፣ መሣሪያ ይዋሻል?»

«ፀሐይ በነካው ልጅ ላይ ይዋሻል። ያንን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ዝም አለ።»

«ማነው እሱ?»

ስምዎን ነገርኳት። ሞተዋል አልኳት። «ሁለተኛዋ እኔ ነኝ» አልኳት። «ምክንያቱን አላውቅም ነበር። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሐሰት መሆኑን ግን አውቅ ነበር። አውቄ ፈረምኩበት።»

ልጁን ማሻሸቷን ሳታቆም አየችኝ። በትክክል ያልገባት መስሎኝ ልድገምላት አፌን ስከፍት «ውጪልኝ!» አለች። ከወንበሩ ተነሣሁ። «ከቤቴ ውጪልኝ!» ብላ እንደገና ስትጮህ ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ የጎረቤት በሮች ተከፈቱ፤ አንዲት አሮጊት «ኧረ ምንድነው?» እያሉ በልብሶቹ መሐል ብቅ አሉ። በሩ ላይ ደርሼ ዞር ስል ልጁ ትከሻዋ ላይ፣ ጆሮው ወደ አፏ ዞሮ፣ ተኝቷል። ያ ሁሉ ጩኸት ከጉንጩ በአንድ ጣት ርቀት እየወጣ፣ እሱ በሰላም ይተነፍሳል።

መምህሬ፣ ያ «ውጪልኝ» ለሁለት ሰው የተባለ ነበር። እርስዎ ስላልነበሩ የእርስዎንም ድርሻ እኔ ሰምቼ ወጣሁ።

እግዚአብሔር ነፍስዎን ይማር። እኔ ግን ገና ነኝ።

ተማሪዎ